በቅበላ ያስረከብናቸው ስልኮች

ስልኮቻችንን በትሪ የሰበሰበው የእህቴ ባል ነው። ሁዳዴ ሊገባ ሲል ጎሮ እናቴ ቤት ለቅበላ ተሰብስበን፣ ክትፎው ተነስቶ እጃችንን ከታጠብን በኋላ፣ “ጾም እኮ የሆድ ብቻ አይደለም፤ ዓይንም አብሮ መጾም አለበት” አለ። እናቴ እንዲህ ያለ ነገር ከአማቿ አፍ ስትሰማ ልቧ ይቀልጣል። እኔ ደግሞ ስብከት ሲበዛ ምላሴን ይበላኛል፤ ያንተ ዓይን ይጹም፣ የኔን ለቀቅ አድርገው አልኩት። ሳቀ። አይቆጣም። ከተጋቡ ጀምሮ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም። ድምፁን ከፍ የሚያደርግ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሁሉ ምንኛ በቀለለን እላለሁ አሁን።

ሐሳቡ ግን ሲሰሙት ክፉ አልነበረም። እናቴ በስልኳ መዝሙር ስትከፍት መሀል ላይ ዘው የሚለው ማስታወቂያ ያሳቅቃት ነበር፤ አንዴ ቁማር ነው፣ አንዴ ግማሽ ራቁቷን የምትደንስ ሴት ናት። እንግዳ ፊት ሲመጣባት ስልኩን ትራስ ሥር ትወሽቀዋለች። እሱ ቦሌ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የኮምፒውተር ባለሙያ ስለሆነ መድኃኒቱን አውቃለሁ አለ፤ ለጾሙ ያህል ሁላችንም እናጽዳው አለ።

የእናቴን፣ የእህቴንና የኔን ስልክ ትሪ ላይ ደርድሮ ሶፋው ጥግ ተቀመጠ። መክፈቻ ቁጥራችንን ተራ በተራ ነገርነው። የቤትሽን ትርፍ ቁልፍ ስጪኝ ቢለኝ አልሰጠውም ነበር፤ የስልኬን ቁጥር ግን ጥርሴን እየጎረጎርኩ ነገርኩት። ሴቲንግ ውስጥ ገባና “ፕራይቬት ዲኤንኤስ” የሚል ቦታ ላይ አንድ ረጅም መስመር በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፈበት። ፕራይቬት ማለት የግል ማለት ነው ብሎ ለእናቴ ተረጎመላት። ከእንግዲህ የማንንም ዋይፋይ ብንጠቀም ባለቤቱ የምንከፍተውን አያይም፤ መስመሩን የሚሸጥልን ድርጅትም አያይም፤ መጥፎ መጥፎው ድረ ገጽ ደግሞ ጭራሽ አይከፈትም። እናቴ እጇን ዘርግታ መረቀችው። እኔም ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።

እውነትም ሠራ። ማስታወቂያው ድራሹ ጠፋ። እኔ ሰሚት ኮንዶሚኒየም እየኖርኩ ቦሌ መድኃኔዓለም አጠገብ አንድ ትራንዚት ቢሮ ነው የምሠራው። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ተጨናንቄ ዜና ሳነብ ብልጭ ድርግም የሚል ነገር ስለቀረልኝ፣ አማች ማለት እንዲህ ነው እያልኩ ቢሮ ውስጥ አወራሁለት። ፋሲካ መጣ፣ በጉ ታረደ። እኛ ጾማችንን ፈታን፣ ስልኮቻችን ግን እንደጾሙ ቀሩ። አውጣልን ያለው ሰው የለም፤ የተመቸንን ነገር ለምን እናስወጣዋለን?

ከበዓሉ በኋላ ነው ትንንሽ ነገሮች የጀመሩት። አንድ እሁድ እናቴ ቤት በር ላይ ጫማዬን ስፈታ አጠገቤ ቆሞ “ቤት ልትቀይሪ ነው እንዴ?” አለኝ። ጎሮ የሚከራይ ቤት በስልኬ ስፈልግ መሰንበቴ እውነት ነው፤ የነገርኩት ግን ለእህቴ ብቻ ነበር። ማን ነገረህ ስለው በአገጩ ወደ ኩሽና ጠቆመኝ። እህቴ እዚያ ሽንኩርት ትከትፋለች። ሌላ ቀን ደግሞ እናቴን፣ እማዬ ስለ ዓይንዎ ለብቻዎ አይጨነቁ፣ ሐኪም ጋ እኔ እወስድዎታለሁ አላት። እናቴ የዓይኗን ነገር ከኔ ጋር ሆና የአንድ ክሊኒክ ድረ ገጽ በስልኳ ከማየቷ በቀር ለነፍስ አባቷ እንኳ አልተናገረችም። ተገልጦለት ነው ብላ አማተበች። እኔ ግን እህቴን ጠረጠርኩ፤ ያን ዕለት ስለ ክሊኒኩ ስንነጋገር እሷም ቤት ነበረችና።

ንዴት ሲይዘኝ ቃል አልመርጥም። ኩሽና ገብቼ አፍሽ ወንፊት ነው አልኳት። ማለች፤ ለባሏ ስለኔም ስለ እናታችንም ትንፍሽ አላልኩም አለች። አላመንኳትም። ከዚያ ወዲህ ነገር ሲገጥመኝ ሆድ ይፍጀው እያልኩ ለሷ መንገሬን ተውኩ። እሷም የራሷን መንገር ተወች። በየቀኑ የምንደዋወል እህትማማቾች በየሳምንቱ ስለ ዝናቡና ስለ እናታችን ጉልበት የምናወራ ሰዎች ሆንን። እሱ መሀላችን ገብቶ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረም። መናገርም አላስፈለገውም።

ክረምቱ እንደገባ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እህቴ ሳትደውል ሰሚት መጣች። አራት ፎቅ በደረጃ ወጥታ፣ ዣንጥላዋን ሳታስቀምጥ ስልክሽን ስጪኝ አለችኝ። የራሷን ቤቷ ቻርጅ ላይ ሰክታ ትታው ነው የመጣችው። ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች፤ ከዚያ ተቀመጠችና አለቀሰች። ከልጅነታችን ጀምሮ ስታለቅስ ፊቷን የምትደብቅ ልጅ ነበረች፤ ያን ቀን አልደበቀችውም።

ባሏን ልትለየው ነው። እኔ ልጠይቃት ያሰብኩትን ቀድማ አወቀችው።

“መቶኝ አያውቅም” አለች። “ያውቅብኛል እንጂ። በልቤ ያለውን ገና ሳልናገረው ያውቀዋል። መታጠቢያ ቤት ሆኜ የፈለግኩትን እራት ላይ ያነሳዋል።”

ነገሩን አብራራችልኝ። ስለ ፍቺ ልታነብ የሞከረች ዕለት፣ እሱ እራት እየበላ ስለ ተፋታች የአጎቱ ልጅ ያወራል፤ እንዴት እንደተዋረደች፣ እንዴት ብቻዋን እንደቀረች። ሥራ ስትፈልግ በዋለችበት ማግስት፣ ሥራሽን እንደምትወጂው አውቃለሁ ይላታል። አየሁሽ አይላትም፣ ለምን አይላትም፣ ወሬ አንስቶ ብቻ እያያት ይጎርሳል። የምታብድ መስሏት እንደነበር ነገረችኝ። እሷ ፋርማሲስት ናት፤ ለሌላ ሰው የጭንቀት መድኃኒት ስትሰጥ ከዚያው ለራሷ መውሰድ አምሯት ያውቃል።

ሐዋሳ አንድ ሆስፒታል ፋርማሲስት ይፈልጋል። ማመልከቻውን ልትልክ ፈለገች፤ ሥራውን ካገኘች አንድ ቀን ጠዋት ወደ ፋርማሲው እንደምትሄድ ሆና ወጥታ አውቶቡስ ልትሳፈር ነው። ለፍቺው ደግሞ ለሴቶች በነፃ ምክር የሚሰጡ ጠበቆች ድረ ገጽ አግኝታ ነበር። በመጀመሪያው ቀን በሷ ስልክ ተከፍቶላት ነበር፣ በማግስቱ እምቢ አላት፤ ስልክ ቁጥራቸውን እንኳ አልያዘችም። በኔ ስልክ የሆስፒታሉ ተከፈተና ማመልከቻውን ላክን። የጠበቆቹ ግን ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ድረ ገጹን ማግኘት አልተቻለም ይላል።

ኔትወርክ ነው አልኩ። እኛ አገር እምቢ ያለ ነገር ሁሉ ኔትወርክ ነው። ኔትወርክ ካልሆነ ዝናቡ ነው፣ ዝናቡ ካልሆነ መብራቱ ነው፣ መብራቱ ካልሆነ ዘግተውት ነው። በረንዳ ወጥቼ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘረጋሁት፤ እህቴ በእንባዋ መሀል ሳቀችብኝ። ዋይፋዩን አጥፍቼ በዳታ ሞከርኩ፣ ስልኩን አጥፍቼ አበራሁት። ድረ ገጽ አልከፈት ሲለው የእህቱን ባል የሚያስብ ሰው የለም። ሰኞ ይሠራል፣ ሰኞ እሞክርልሻለሁ አልኳትና ተውነው።

ስትወጣ ደረጃው ላይ እጄን ያዘችኝ። ወንፊት ካልኳት ወዲህ እጄን ስትይዝ የመጀመሪያዋ ነበር። “ለማንም” አለችኝ። ለማንም አልኳት። ከልቤ ነበር፤ ጉምሩክ እንደ ዕቃ ቢፈትሸኝ እንኳ አላወጣውም ነበር።

ሰኞም ሞከርኩ፣ ማክሰኞም ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። እሁድ እናቴ ቤት ተሰበሰብን። ምሳ ሳይቀርብ የእህቴ ባል ተነስቶ ቆመና፣ እማዬ ይመርቁን አላት። ከመሥሪያ ቤቱ ዝውውር ጠይቆ እሺ ብለውታል። ሐዋሳ ቅርንጫፍ። ባለቤቱን ይዞ ጠቅልሎ ሊገባ ነው።

“እሷም እዚያ ሥራ አታጣም” አለ። “ፋርማሲስት የሚፈልግ ሆስፒታል ሞልቷል።”

እናቴ እልል አለች። እህቴ ባሏን አላየችውም። ያየችው እኔን ነው። ሰው እንደዚያ ሲያየኝ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም፤ ሟች እንኳ ገዳዩን እንደዚያ የሚያይ አይመስለኝም። ሳህን ላመጣ ኩሽና ስገባ ተከትላኝ ገባች፤ በሩን አልዘጋችውም፣ ድምፅዋንም ከፍ አላደረገችም።

“ላንቺ ብቻ ነበር የነገርኩት።”

በእናቴ ሞት ማልኩላት። ስትምል እኔ እንዴት እንዳየኋት አስታውሳለሁ፤ እሷም በዚያው ዓይን አየችኝ። ከዚያ የወጥ ሳህኑን ይዛ ወጣች።

በማግስቱ ቢሮ የገባሁት እንቅልፍ ሳልተኛ ነው። ቢያንስ ጠበቆቹን ራሴ ላግኝላት ብዬ ድረ ገጹን ደጋግሜ ሞከርኩ፤ በቢሮው ዋይፋይም እምቢ አለ። የቢሯችን የአይቲ ሰው በአጠገቤ ሲያልፍ፣ ይሄ ኔትወርካችሁ ምን ሆኗል ብዬ ጮህኩበት። በራሱ ስልክ ሞከረው። ወዲያው ተከፈተ። እንደገና በኔ ሞከረው፣ ነጭ። ሴቲንጌ ውስጥ ገባና ያንን ረጅም መስመር አገኘው።

“ይሄን ማን ነው ያስገባልሽ?” አለኝ።

ነገርኩት። ቅበላውን፣ ትሪውን፣ የእናቴን ምርቃት ሳይቀር ነገርኩት። ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሰሚት ላይ ሰው ቤት ስትሄጂ ቤቱን እንዴት ነው የምታገኚው አለኝ። ጥያቄው ገረመኝ፤ በቤት ቁጥር ሰው ያገኘ የለም፣ ሱቅ ነው የምጠይቀው አልኩት። ስልክሽም እንደዚያው ነው አለ። ድረ ገጽ ከመክፈቱ በፊት ሁልጊዜ አንድ ሱቅ ሄዶ የእንትና ቤት የት ነው ብሎ ይጠይቃል። ድሮ የሚጠይቀው ጮክ ብሎ ነበር፤ በመንገድ የሚያልፍ ሁሉ ይሰማዋል። አማችሽ ያስገባልሽ ነገር ጥያቄውን በሹክሹክታ እንዲያደርገው ነው። ባለ ዋይፋዩም አይሰማም፣ መስመር የሚሸጥልሽም አይሰማም፤ እስከዚህ ድረስ እውነቱን ነው።

“ባለ ሱቁ ግን ይሰማል” አለ። “ሱቁን ደግሞ የመረጠልሽ እሱ ነው። የጠየቅሽው ሁሉ በሱ አካውንት ይገባል።”

ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም አለ፤ እሱም ራሱ ይጠቀምበታል፣ ከራሱ ስልክ ላይ አሳየኝ። ጉዳዩ የማን ሱቅ ነው የሚለው ላይ ነው። የእህቴ ባል ያነበብነውን ገጽ አያይም፤ የትኛውን ድረ ገጽ በየትኛው ስልክና በስንት ሰዓት እንደጠየቅን ግን ቁጭ ብሎ ያያል። ያልወደደውን ደግሞ፣ እንዲህ የሚባል ቤት አላውቅም በል ብሎ ሱቁን ማዘዝ ይችላል። ያኔ ለኛ ነጭ ገጽ ይመጣል። በዋይፋይ ሆነ በዳታ፣ ቤት ሆነ ቢሮ፣ ለውጥ የለውም፤ ትእዛዙ አብሮን ይዞራል። ከረጅሙ መስመር መጀመሪያ ላይ አንድ ቃል በጣቱ አሳየኝ። ስልኩን ከሌሎቹ ለመለየት የተሰጠ ስም ነው አለኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል “ታላቋ” ይላል።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የእህቴ ስልክ ቤት ቻርጅ ላይ ተሰክቶ ዝም ባለበት ሰዓት፣ ታላቋ የሐዋሳ ሆስፒታል ጠይቃለች። ታላቋ የፍቺ ጠበቃ ጠይቃለች። ታላቋ ባል የላትም፣ መድኃኒት ቤትም አትሠራም። ይህን ለመገጣጠም ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ለካ የቤት ኪራዩንም የእናቴንም ዓይን የነገረው እህቴ አልነበረችም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኛ ደግሞ መርቀን ነው የተመነጠርነው።

ላጥፋልሽ ወይ አለኝ የአይቲው ሰው፤ ነገር ግን ካጠፋሁት ስልክሽ ድንገት ጸጥ ይልበታልና ማወቅሽን ያውቃል አለ። ተወው አልኩት። ለእህቴ በዓይኗ የማሳያት ነገር እፈልግ ነበር።

በምሳ ሰዓት ፋርማሲዋ ሄድኩ። ሥራዋን ለመልቀቅ አስታውቃ ዕቃዋን በካርቶን እየከተተች አገኘኋት። ሱቁን፣ ሹክሹክታውን፣ ትእዛዙን ሁሉ ነገርኳት። ለሰሚው ግራ ነው፤ እኔ ራሴ ስናገረው ውሸት ውሸት ይለኝ ነበር። ስልክሽን አምጪው አልኳትና ያንን ቦታ ከፈትኩት። ባዶ ነው። ትናንት ማታ ባሏ ስልክሽ ተንቀራፍፏል፣ ላስተካክልልሽ ብሎ ተቀብሏት ነበር።

የኔን አሳየኋት። ታላቋ የሚለውን አየችና፣ ታላቅ አይደለሽም እንዴ አለችኝ። እሺ የጠበቆቹን ድረ ገጽ እዪ፣ እኔ ጋ አይከፈትም፣ ሌላ ሰው ጋ ይከፈታል ብዬ ነካሁት። ተከፈተ። እምቢ ሲለኝ የሰነበተው ገጽ፣ አድራሻው ከነስልክ ቁጥሩ፣ ፊቷ ላይ ቁጭ አለ። ጠዋት ቢሮ ሆኜ ስደጋግመው አይቶ ነው እገዳውን የለቀቀው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? ይህንንም ነገርኳት። ገና አፌ ውስጥ እያለ እንደ ቅጥፈት ከረፋኝ።

“ይኸው ይሠራል” አለች። ከዚያ ስልኬን መለሰችልኝ። “እሱ ነግሮኛል። እህትሽ ስለ ትዳራችን ተጨንቃ ደወለችልኝ፣ አትቆጪያት ነው ያለኝ።”

የደወልኩበትን ስልኬ ውስጥ ፈልጊ አልኳት። ማጥፋት ይቻላል አለች።

“እኔ ስልኬን ቤት ጥዬ አንቺ ጋ የመጣሁት፣ ሰው ይሻላል ብዬ ነበር።”

ይህን ስትል አልተቆጣችም፣ ደክሟት ነበር። አንድ ሽማግሌ የመድኃኒት ማዘዣ ይዘው ገቡ፤ እሷም አባባ ቁጭ ይበሉ ብላ ወደሳቸው ዞረች። ሌላ ጊዜ እመለሳለሁ ብዬ ወጣሁ። በተመለስኩ ጊዜ መስኮቱ ላይ ሌላ ሴት ነበረች።

ዕቃቸውን ጭነው የሄዱ ዕለት እኔ አልተጠራሁም፤ የሰማሁት ከእናቴ ነው። ለእናቴ እውነቱን ብነግራት አልገባትም፣ ወይም እንዲገባት አልፈለገችም። ልጁ እኮ ለጾሙ ብሎ ነው ትላለች። የዚያን ቀን ከሰዓት ግን ትዕግሥቴ አለቀ። እሷ ቤት ተቀምጬ ያንን መስመር መጀመሪያ ከኔ ስልክ፣ ቀጥሎ ከሷ ስልክ ላይ አጠፋሁት። ብዙም አልቆየ፣ የእህቴ ባል እናቴ ስልክ ላይ ደወለ። እማዬ ስልክዎ ምን ገጠመው ሲላት ይሰማኛል። ምን አውቄ ልጄ፣ እሷ ስትነካካው ነበር አለችና አቀበለችኝ።

“ምነው ጠፋችሁብኝ?” አለኝ፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ።

ያለኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ሌባ አልኩት፣ ከሌባም የባሰ አልኩት፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች። አላቋረጠኝም። እስክጨርስ ጠበቀኝ። ከዚያ፣ አጠገቤ ናት፣ ላቀብልሽ አለ።

ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ሰማሁ። ትንፋሿን አወቅኩት። ስሟን ጠራሁ፣ ደግሜ ጠራሁ።

“ለምን አትተዪንም?” አለች እህቴ።

ስልኩ ተዘጋ። እሱ ፊቷ ቆሞ ስለነበር ይሁን ከልቧ፣ አላውቅም።